የዘመድን ልጅ ለሚያሳድጉ ስለሚገባው ርዳታ
በደብሩ በዓለ ኢዮቤልዩ ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ኢዮቤልዩ የሚለው ስም በየጥሪው ወረቀት ሲነበብ ብዙ ሰው የሚያስበው ዕልልታውንና ድግሱን ነው። ኦሪት ዘሌዋውያንን ከ25ኛው ምዕራፍ የተመለከተ ግን ከዚህ የጠለቀ ነገር ያገኛል። በ50ኛው ዓመት መለከት ሲነፋ፥ ከርስቱ የወጣ ወደ ርስቱ፥ ከወገኑም የተለየ ወደ ወገኑ ይመለስ ዘንድ ታዘዘ። በዚያው ምዕራፍ ደግሞ ወንድም ደኽይቶ ርስቱን ቢሸጥ የቅርብ ዘመዱ መጥቶ ይቤዠው ዘንድ ሕግ ቆመ። ሕጉም «ዘመድ ለዘመዱ ይራራ» ብሎ ብቻ አልተወውም፤ ዓመቱ እንዴት እንዲቈጠር፥ የተረፈውም ዋጋ እንዴት እንዲመለስ ሒሳቡን ጭምር ወሰነ። ርኅራኄ ያለ ሒሳብ ብዙ ጊዜ እንደማይጸና ሕግን የሰጠ አምላክ ያውቃልና።

ስለዚህ ይህ ደብር 50ኛ ዓመቱን ሲያከብር፥ ስለ ሕንፃውና ስለ ጕልላቱ ብዙ ከተነገረ በኋላ፥ በአጥቢያው ውስጥ የእኅታቸውን፥ የወንድማቸውን ወይም የልጃቸውን ልጆች ስለሚያሳድጉ ሰዎች፥ ይልቁንም ስለሚያሳድጉበት ገንዘብ መነጋገር ከበዓሉ ውጭ የሆነ ነገር አይደለም።

በአገራችን ልማድ እጓለ ማውታ የሆነ ልጅ ከቀብር ማግሥት በዘመዱ እጅ ተይዞ ወደ ዘመዱ ቤት ይገባል። ማንም አያዝዘውም፥ ማንም አይጽፈውም። ይህ የሚያስመሰግን ነው፤ ነገር ግን እንደ ተፈጥሮ ነገር ስለሚቈጠር፥ ልጁ የገባበት ቤት በምን እንደሚኖር የሚጠይቅ አይገኝም። ለምሳሌ ጠላ ጠምቃ ወይም እንጀራ ጋግራ በመሸጥ ራስዋን ብቻ ትችል የነበረች አሮጊት በአንድ ቀን ሦስት የልጅ ልጆች ይጨመሩባታል። ጎረቤት ለሠልስቱ ይመጣል፥ እስከ አርባውም ይመላለሳል። ከዚያ ወዲያ ቤቱ ጸጥ ይላል፤ የዱቄቱ ዕቃ ግን በየሳምንቱ ባዶ መሆኑን አያቋርጥም።

ደግሞ ወላጅ በሞት ብቻ አይለይም። ዕድሜያቸው ለሥራ የደረሰ ብዙ እናቶች ልጆቻቸውን ለአያት ወይም ለአክስት ትተው ወደ ቤይሩት፥ ወደ ሪያድና ወደ ዱባይ ሄደዋል። ገንዘቡ እስከ መጣ ድረስ ቤቱ ይቆማል። በ2006 ዓ.ም. ግን በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳውዲ ዐረቢያ ወደ አገራቸው በተመለሱ ጊዜ፥ በየመንደሩ ስንት አያቶች በወር መጨረሻ የሚጠብቁት ነገር ቀርቶባቸው እንደ ነበር ማሰብ አይቸግርም። ከውጭ አገር የሚላክ ገንዘብ መልካም ነው፤ የሚላከው ግን በሰው ጤናና በሰው አገር ፈቃድ ላይ ቆሞ ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ እናቱ በሕይወት ሳለች እጓለ ማውታ ብሎ የሚጠራው የለም፤ ስለዚህም ለሙት ልጆች ተብሎ ከሚሰጠው ነገር ሳይደርሰው ይቀራል።

የዘመድን ልጅ የሚያሳድግ ሰው ርዳታ ቢቀርብለት ብዙ ጊዜ የሚመልሰው መልስ የታወቀ ነው። «የሥጋዬን ልጅ አብልቼ ዋጋ እቀበላለሁን? ሰውስ ምን ይለኛል?» ይላል። ይህ መልስ ከመልካም ልብ ይወጣል፤ ዳሩ ግን ልጁን አያበላውም። መጽሐፍም አይደግፈውም። በኦሪት ዘፀአት በ2ኛው ምዕራፍ ሕፃኑ ሙሴ በወንዝ ዳር በተገኘ ጊዜ፥ ከሩቅ ቆማ ትመለከት የነበረች እኅቱ ቀርባ ለፈርዖን ልጅ የምታጠባ ሴት ልጥራልሽን አለቻት፤ ሄዳም የጠራችው የሕፃኑን እናት ነበረ። የፈርዖንም ልጅ ሕፃኑን ወስዳ ታጠባላት ዘንድ፥ ደመወዝዋንም ትሰጣት ዘንድ ተናገረቻት። እንግዲህ ዮካብድ የገዛ ልጅዋን በደመወዝ አጠባች።

ይህን ነገር አስተውሉት። ደመወዝ በመቀበልዋ እናትነትዋ ወደ ቅጥረኛነት አልተለወጠም፤ ወተቱም የእናት ወተት መሆኑ አልቀረም። ዋጋ አልቀበልም ብላ ብትመለስ ኖሮ ሕፃኑ ወደ ሌላ ሞግዚት በሄደ ነበር። ደመወዙን ስለ ተቀበለች ግን ትናንት በሥውር ትደብቀው የነበረውን ልጅ ዛሬ በአደባባይ፥ በንጉሥ ቤት ጥበቃ ታሳድገው ዘንድ ቻለች። ገንዘቡ የወጣው ወንዶች ሕፃናት ወደ ወንዝ ይጣሉ ብሎ ካዘዘው ከፈርዖን ቤት መሆኑን ማስታወስም ደግ ነው፤ ዮካብድ ግን ለልጅዋ የሚሆነውን ተቀበለች እንጂ ከማን ሣጥን እንደ ወጣ ስትመረምር አልዋለችም። በዚህች ደመወዝ ያደገው ልጅ ወገኑን ከባርነት ያወጣ ሆነ።

በተለይ በካህናት ፊት ይህን ማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም። ከቅኔ ቤት የወጣ መምህር ሁሉ በልጅነቱ ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳ ይዞ፥ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የማያውቃቸው ሰዎች በሰጡት ቍራሽ ያደገ ነው። ያ ቍራሽ ያሳፈረው ሊቅ የለም። የባላገር ሴት ለማታውቀው ተማሪ ከሌማትዋ ስትቈርስ ምጽዋት ብቻ አልሰጠችም፤ ዛሬ በመቅደስና በቅኔ ማሕሌት የሚቆመውን አገልጋይ በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ አሳደገች እንጂ። እንደዚሁ ለአያት የሚሰጠው ርዳታ የአያትነትዋ ዋጋ አይባልም፤ ለልጁ የሚሆን የዕለት እንጀራ ነው።

ስለ አሳዳጊ ዘመዶችም መጽሐፍ ሁለት ዐይነት ሰው ያሳያል። መርዶክዮስ አባትና እናት ያልነበራትን የአጎቱን ልጅ አስቴርን እንደ ልጁ አድርጎ አሳደጋት፤ ከእርሱ ቤት ከወጣች በኋላም ደኅንነትዋን ለማወቅ በየቀኑ በአደባባዩ ይመላለስ ነበር። ላባ ደግሞ የእኅቱን ልጅ ያዕቆብን ስሞና አቅፎ ተቀበለው፤ ከዚያ በኋላ ግን 20 ዓመት አሠራው፥ ደመወዙንም ዐሥር ጊዜ ለዋወጠበት። ያዕቆብ ጎልማሳ ነበረና ማምለጥ ቻለ። የአሥር ዓመት ልጅ ግን ከአጎቱ ቤት ወዴት ይሄዳል? የዘመድ ልጅ ብሎ ከገጠር አምጥቶ ውሃ የሚያስቀዳ፥ ሕፃን የሚያሳዝል፥ ትምህርት ቤት ግን የማይልክ ቤት በከተማችን አለ። የንስሐ አባቶች ይህን ከማንም ይልቅ ያውቁታል። ርዳታ ሲሰጥ ልጁ በእርግጥ ይማር እንደ ሆነ፥ ይበላም እንደ ሆነ መጠየቅ የሚገባው ስለዚህ ነው።

አሁን የአገር ሕግ ምን እንደሚል መመልከት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የልጁ የሆነውን ሳይጠይቅ ይቀራልና። በአዲስ አበባ የሚሠራው በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፥ አዋጅ ቍጥር 213፥ ወላጆች ሞግዚት ሳይናዘዙ ሁለቱም የሞቱ እንደ ሆነ የልጁ አሳዳሪና ሞግዚት የሚሆኑትን በተራ ይናገራል። መጀመሪያ አያቶች፥ እነርሱ ባይኖሩ አካለ መጠን ያደረሰ ወንድም ወይም እኅት፥ ከዚያም አጎት ወይም አክስት ናቸው። ክልሎችም የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል። ሞግዚት የልጁን ገንዘብ ይጠብቃል፥ ገቢውን ለልጁ አስተዳደግ ያውላል፥ ቤት ቢኖረው ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ አይሸጥም፥ በመጨረሻም ሒሳብ ያስረክባል።

በዚሁ ሕግ ውስጥ ሊታሰብበት የሚገባ ሌላ ነገር አለ። ቀለብ የመስጠት ግዴታ በአያትና በልጅ ልጅ፥ በወንድምና በእኅት መካከል ጸንቶ ይገኛል። አጎትንና አክስትን ግን በዚህ ግዴታ ውስጥ አላስገባም። ስለዚህ የእኅትዋን ልጆች የምታበላ አክስት ሕግ ያላሸከማትን ሸክም በፈቃድዋ ተሸክማለች። ዕዳ ከፋይ ሳትሆን ሰጪ ናት። እንዲህ ያለችውን ሰው «ዘመድዋ አይደሉምን፥ ታሳድግ እንጂ» ብሎ ማለፍ ሕግም ትሩፋትም የማያውቅ ሰው ንግግር ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የልጁ ራሱ የሆነውን ገንዘብ መፈለግ ይገባል። ሟቹ የመንግሥት ሠራተኛ ከነበረ፥ ወይም ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በግል ድርጅት ተቀጥሮ ጡረታ ሲከፍል የኖረ ከሆነ፥ ሕጉ የሚጠይቀውን የአገልግሎት ዘመን ያሟላ እንደ ሆነ ለልጆቹ የሚደርስ የጡረታ ድርሻ አለ። በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ለእያንዳንዱ ልጅ የተወሰነው ከሟቹ ጡረታ ከመቶ 20 ነበረ። በዚያ ሒሳብ የሟቹ ጡረታ 3,000 ብር ቢሆን ለአንድ ልጅ በወር 600 ብር፥ ለሁለት ልጆች 1,200 ብር ይሆናል። አዋጁ በ2014 ዓ.ም. በሌላ ተተክቷልና የዛሬውን ድርሻ ከመሥሪያ ቤቱ ጠይቆ መረዳት ነው። ይህ ገንዘብ አባት ወይም እናት ከደመወዛቸው እየከፈሉ ያቆዩት ስለ ሆነ፥ ለመጠየቅ የሚያፍር ሰው የራሱን ክብር በልጁ ገንዘብ የጠበቀ ይሆናል። የዘገየም ሰው ያለፈው ዘመን ክፍያ በይርጋ ሊቀርበት ይችላል።

ችግሩ ጽሕፈቱ ላይ ነው። የልጁ የልደት፥ የወላጁ የሞት ምስክር ወረቀት፥ የወራሽነትና የሞግዚትነት የፍርድ ቤት ውሳኔ ይጠየቃል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ የታወጀው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን በአገሪቱ ሁሉ ሥራው የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለዱ ብዙዎች በመዝገብ አልገቡም። ማንበብ የማትችል አያት ከመስኮት ወደ መስኮት ስትመላለስ «ነገ ነይ» የሚለው ቃል ይበረታባታል፤ ለመጓጓዣ የምታወጣውም ከልጆቹ ምሳ ላይ ነው። ዘመድም አንዳንድ ጊዜ ይከፋል፤ ሞግዚትነት የጠየቀችው ቤቱን ልትወርስ ነው ይባላል። እንግዲህ በዚህ አጥቢያ ሕግ የተማሩ፥ በመሥሪያ ቤትም የሚሠሩ ምእመናን አሉ። ከመካከላቸው አንዱ እንዲህ ያለችውን እናት በአንድ ሳምንት ሁለት ጠዋት ቢከተላት ከብዙ ገንዘብ ይበልጥ ይረዳታል። ደብሩም የክርስትና መዝገቡን በደኅና ቢጠብቅ የልጅን ዕድሜና ወላጅ ለማስረዳት ያግዛል።

መንግሥት ስለሚሰጠው ርዳታ በአጭሩ ይነገር። በ1997 ዓ.ም. በገጠር የተጀመረው፥ ከዐሥር ዓመት ያህል በኋላም አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች ሥራውን የከፈተው የሴፍቲኔት ርዳታ ለመሥራት ጕልበት የሌላቸውን ቤተሰቦች ያለ ሥራ በቀጥታ የሚደግፍበት ክፍል ነበረው፤ ሽማግሌ ብቻውን ልጆች የሚያሳድግበት ቤት የታሰበው በዚህ ክፍል ነው። በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መክፈል ለማይችሉ ድኾች መዋጮውን መንግሥት የሚሸፍንበት ሥርዐት አለ፤ ነገር ግን ዘመድ ቤት የገባው ልጅ በቤተሰቡ መዝገብ ላይ ስሙ ካልተጻፈ በታመመ ጊዜ እንደ እንግዳ ይቈጠራል። በአዲስ አበባም ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተማሪዎች ምገባ ተጀምሯል፤ ይህ ብቻውን ለአንዲት አያት ምን ያህል ዕረፍት እንደ ሆነ ልጅ ያሳደገ ያውቃል። ለነዚህ ሁሉ ደጁ ቀበሌና ወረዳ ነው፤ የሚዘነጋውም ያልተመዘገበ ልጅ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው የቤተ ክርስቲያን ድርሻ ነው። በሐዋርያት ሥራ በ6ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈ፥ በየቀኑ በሚታደለው ምግብ አንዳንድ መበለቶች ስለ ተዘነጉ ማንጐራጐር ሆነ። ሐዋርያትም ነገሩን አላቃለሉትም፤ መልካም ምስክርነት ያላቸውን ሰባት ሰዎች ሾሙበት፥ ቅዱስ እስጢፋኖስም የእነርሱ አለቃ ሆነ። ዲያቆናት ሆይ፥ የመዓርጋችሁ መጀመሪያ የድኾችን ድርሻ ሳያዛቡ ማደል እንደ ነበረ አትርሱ። ቅዱስ ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ የራሳቸው ቤተሰብ ያላቸውን መበለቶች ቤተሰባቸው እንዲረዳ፥ ቤተ ክርስቲያን ግን ረዳት ለሌላቸው እንድትተርፍ አዘዘ። አንዳንዶች ይህን ይዘው፥ ዘመድ ካለ ቤተ ክርስቲያን ነፃ ናት ይላሉ። ሐዋርያው ግን ዘመድ አቅም እንዳለው አድርጎ ይናገራል። ራሱ የሚበላው የሌለው ዘመድ ሦስት ሕፃናት ሲጨመሩበት ረዳት እንዳለው አይቈጠርም፤ ረዳት የሌላቸው አንድ የነበሩት አራት ሆኑ ማለት ነው።

አሁን ለመናገር የሚከብደው ነገር ይነገር። የእጓለ ማውታን ገንዘብ ከሁሉ አስቀድሞ የሚበላው ተዝካሩ ነው። ሟች በተቀበረ በአርባኛው ቀን ድንኳን ይተከላል፥ በሬ ይታረዳል፥ ጠላው ይጠመቃል፤ አሳዳጊዋ ሴት ከአራጣ አበዳሪ ተበድራ ወይም የሟችን ዕቃ ሸጣ መንደሩን ታበላለች። ለካህናቱም መሶቡ ይቀርባል። በማግሥቱ በዚያው ቤት ልጆቹ ከድግስ የተረፈውን ድርቆሽ ይበላሉ፤ ድርቆሹ ሲያልቅ ዕዳው ይቀራል። ጸሎተ ፍትሐት፥ ቅዳሴና መታሰቢያ ለሟች ነፍስ የሚገባ ሥርዐት ነው፤ ማንም አይነካውም። በመታሰቢያው ድኻ መመገቡም ሥርዐት ነው። ነገር ግን ከሟች ልጆች የሚቀድም ድኻ ማን ነው? አባታቸውን ለማሰብ እነርሱን ማስራብ ከየት የመጣ ትምህርት ነው? ይህን ልማድ ምእመናን በራሳቸው ሊተዉት አይችሉም፤ ጎረቤት ሟቹን እንደ ውሻ ቀበረችው ይላታል። ሊያቀልላት የሚችለው ካህኑ ነው። የንስሐ አባት በሠልስቱ ቀን ለቤተሰቡ «ቅዳሴው ይደረግ፥ ጸበል ጸዲቁ በጥቂት ይሁን፥ የተረፈው በልጆቹ ስም ባንክ ይግባ» ብሎ በሰው ፊት ቢናገር፥ ሐሜቱን በእርሱ ላይ ወስዶ አሳዳጊዋን ነፃ ያወጣታል። በዚህ ካህናት የሚጐድልባቸው ነገር አለ፤ እውነት ነውና አይሸሸግም። ይህ ጕድለት ግን ከመሶብ የሚያልፍ አይደለም።

ዕድሮችም እንደዚሁ ናቸው። ዕድር ለሞት ይከፍላል፤ ድንኳኑንና ወንበሩን፥ ለቤተሰቡም የተወሰነ ገንዘብ ይሰጣል። የኤች አይ ቪ በሽታ ብዙ ወላጆችን በወሰደበት ዘመን አንዳንድ ዕድሮች ደንባቸውን አሻሽለው ለቀሩት ልጆችም ማሰብ ጀምረዋል። የዚህ አጥቢያ ዕድሮችና የሰንበቴ ማኅበራት ይህን ቢመክሩበት አዲስ ነገር አይፈጥሩም። የክርስትና አባትና እናትም አሉ፤ ወንዱን በ40 ቀን፥ ሴቲቱን በ80 ቀን ከጥምቀት የተቀበሉ ሰዎች ልጁ ወላጁን ባጣ ጊዜ ወዴት ይሄዳሉ? ከመዝገቡ ፈልጎ ማስታወስ ለደብሩ ጽሕፈት ቤት ቀላል ሥራ ነው።

የገንዘቡ አሰጣጥ ግን ሊለወጥ ይገባል። በፋሲካና በእንቍጣጣሽ ዶሮና ዘይት ተሸክሞ፥ ፎቶግራፍ አስነሥቶ መስጠት ለሰጪው ደስ ይለዋል፤ አሳዳጊዋ ግን በጥቅምትም በየካቲትም ታበላለች። ትንሽም ቢሆን በየወሩ በታወቀ ቀን የሚመጣ ገንዘብ በዓመት አንድ ጊዜ ከሚመጣ ብዙ ይሻላል፤ በእርሱ ላይ ተማምኖ ዱቄት በዱቤ መውሰድ፥ የቤት ኪራይ ቀን መቅጠር ይቻላልና።

በፓትርያርኩ በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን፥ በ1965 ዓ.ም. በቃለ ዐዋዲ የተመሠረተው የሰበካ ጉባኤ ካህናትንና ምእመናንን በአንድነት የሚያስቀምጥ ስለ ሆነ ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ ቤት አለ። የንስሐ አባቶች የየቤቱን ችግር ያውቃሉ፤ ስም ሳይጠሩ ቍጥር ብቻ ሰጥተው ለጉባኤው ያቅርቡ። ጉባኤውም አንድ መዝገብ ይክፈት፤ በመዝገቡ የቤቱ ቍጥር፥ የልጆቹ ቍጥርና ዕድሜ፥ በወር የተሰጠው፥ ልጆቹም ትምህርት ቤት መዋላቸው ይጻፍ። ስሙ ያለበት ሌላ ወረቀት በአስተዳዳሪው እጅ ተቈልፎ ይቀመጥ፤ ልጅ በዐውደ ምሕረት ላይ ተጠርቶ አይቁም። ገንዘቡ ከሙዳየ ምጽዋቱ አንድ የታወቀ እጅ፥ ለዚህ በዓል ከተዋጣውም የተረፈው ቢሆን ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃል። ሒሳቡ በየሦስት ወሩ ከቅዳሴ በኋላ ይነበብ። ትምህርት ቤት የሚከፈተው በመስከረም ነውና መዝገቡ በነሐሴ ፍልሰታ ተጽፎ ቢያልቅ፥ ልጆቹ ደብተራቸውን ይዘው ከጓደኞቻቸው ጋር በአንድ ቀን ይገባሉ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።